የሊበን ላርክን ለመቁጠርና ሣሩን ለመመለስ እንዴት ማገዝ ይቻላል?

ከነገሌ ቦረና ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሊበን ሜዳ ላይ፣ ከደረቀ ሣር የማይለይ ትንሽ ወፍ ይኖራል፤ ሊበን ላርክ ይባላል። በሳይንስ የታወቀው በ1968 እ.ኤ.አ. በተሰበሰበ አንድ ናሙና ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ገባ። ሣሩ ያለ ልክ ተጋጠ፣ ሜዳው በከፊል ታረሰ፣ ቁጥቋጦም ወረረው።

መጀመሪያ ብቻችሁን አትሂዱ። በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ትክክለኛው በር ነው። የራሳችሁን ጥናት ካሰባችሁ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። የአካባቢውን ሽማግሌዎች ማነጋገር ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ ሜዳው የእነሱ ነው።

ስምንት እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። አሥር እጥፉን ገዝቼ ተጸጽቻለሁ፤ በሜዳው ነፋስ እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ወፉ ከዓይን ይጠፋል። ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ያዙ።

አስቸጋሪው ቆጠራው ነው። ዝናብ ጥሎ ሣሩ ሲያድግ ወንዱ ወደ አየር ወጥቶ እየዘፈነ ይንሳፈፋል፤ የሚታየውም በዚያን ጊዜ ነው። ገና ሲነጋ ጀምራችሁ ፀሐይ ሳትበረታ በቀጥታ መስመር ተጓዙ፤ አንዱ ይመልከት፣ ሌላው ይጻፍ። ወፉ ከመስመሩ ምን ያህል ሜትር እንደራቀም መዝግቡ። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ዓይን ስለሚያታልል፣ ከዋዜማው ሃምሳና መቶ ሜትር ላይ እንጨት ተክላችሁ ግምታችሁን ፈትኑ።

እኔ በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ወፍ ጽፌ በኩራት ተመለስኩ። አብሮኝ የነበረው ልጅ እያንዳንዱን ወፍ በንድፍ ላይ ሲያሰፍር ስለነበር አምስት ብቻ አገኘ። ለካ ዘፋኙ ሲወርድ ሣር ውስጥ ይሰወርና ራቅ ብሎ እንደገና ይነሣል፤ እኔ እንደ አዲስ ስቆጥረው ነበር። ስለዚህ የወረደበትን ቦታ ምልክት ሳታደርጉ ቀጣዩን አትቁጠሩ። ሁለት ወንዶች በአንድ ጊዜ ሲዘፍኑ ካያችሁ ያ ወርቅ ነው፤ የተለያዩ ለመሆናቸው ጥርጥር የለውም። ሌላው አቋራጭ የዘፋኞችን ቁጥር በሁለት ማባዛት ነው። አታድርጉት፤ ሴቶቹ ከወንዶቹ እጅግ ያንሱ ይሆናል የሚል ስጋት ተመራማሪዎች አላቸው።

ድምፁን ከስልክ እያሰሙ መጥራት፣ ተሰልፎ ሣሩን እየረገጡ ማስነሣት፣ ለእኔ ነውር ነው። ጎጆው መሬት ላይ ነው፤ አንድ ጫማ ይበቃዋል።

ቆጠራው ሲያልቅ ጉልበት ይፈለጋል። ቦረናዎች ለጥጃና ለደካማ ከብት የሚሆን ግጦሽ ከልለው የሚያቆዩበት «ካሎ» የሚባል የቆየ ልማድ አላቸው፤ ወፉ የሚሻው ረጅም ሣር የሚመለሰውም እዚያ ነው። ሥራው ቁጥቋጦ መመንጠርና አጥር ማጠር ነው። የት እንደሚቆረጥ የሚወስኑት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ እናንተ ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ ጎትቱ። ወረንጦም አትርሱ፤ የግራር እሾህ ጓንት አይፈራም።