ትልቅ ካሜራ በቀጭን እግር፦ የላርጅ ፎርማት ትራይፖድ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ላርጅ ፎርማት ካሜራ፣ ማለትም በትልልቅ ሉህ ፊልም የሚያነሳ ካሜራ ገዝቶ ትራይፖዱን (ባለሦስት እግር ማቆሚያውን) እንደ ትርፍ ዕቃ የሚቆጥር ሰው ልዩነቱን በፊልም ይከፍላል። 4 በ5 ኢንች የሆነ አንድ ሉህ ፊልም ርካሽ አይደለም፤ ምስሉ መደብዘዙም የሚታወቀው ፊልሙ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሌንሱን ይጠረጥራል፣ ፎከሱን ይጠረጥራል፣ እግሩን ግን አያስበውም።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ማመን

«ካሜራዬ 3 ኪሎ ነው፣ ትራይፖዱ 8 ኪሎ ይችላል ይላል፣ እንግዲያው ይበቃኛል።» ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህን ቁጥር ሁሉም አምራች በአንድ መለኪያ አይለካውም። ቢበዛ የሚነግረን እግሩ ሳይታጠፍ፣ ማጥበቂያው ሳይንሸራተት ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ነው። እኛ የምንፈልገው ሌላ ነው፦ ሲነካ ምን ያህል ይንቀጠቀጣል? ከተንቀጠቀጠ በኋላስ ለመርጋት ስንት ጊዜ ይወስድበታል?

በላርጅ ፎርማት ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ለረጅም ጊዜ ስለሚከፈት ነው ይህ የሚያሳስበው። ጥርት ያለ ምስል ለማግኘት የሌንሱ ቀዳዳ ወደ ኤፍ 22 ወይም ኤፍ 32 ይጠባል (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፤ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት አይኤስኦ 100 ወይም ከዚያ በታች ከሆነና ማጣሪያ ከተጨመረበት ሩብ ሰከንድ፣ አንድ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮ፣ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ የወጣችውን ጨረቃ በ8 በ10 ካሜራ ያነሳው በኤፍ 32 ለ1 ሰከንድ ነበር። በዚያ አንድ ሰከንድ ውስጥ እግሩ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ የመቃብሩ መስቀሎች ጥርት ብለው አይታዩም ነበር።

ስለዚህ ካርቶኑን ትቶ ዕቃውን መፈተን ይሻላል። እግሮቹን በሙሉ ዘርግተው ካሜራውን ያስሩ፤ ካለዎት ረጅሙን ሌንስ፣ ለምሳሌ 300 ሚሊሜትሩን ይግጠሙ። ራቅ ያለ ታርጋ ወይም የሱቅ ጽሑፍ ላይ ፎከስ አድርገው ምስሉ የሚታይበት የኋላ መስታወት ላይ ማጉያ መነጽር ይደግፉና የካሜራውን ፊት በጣትዎ መታ ያድርጉ። ተገልብጠው የሚታዩት ፊደሎች ይዘላሉ። ዝላዩ ወዲያው ከሞተ ደህና ነው። ፊደሎቹ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሙሉ ሲርገበገቡ ካዩ ግን ሻጩ ስለ ኪሎ የሚነግርዎትን አይስሙት። ከዚያ ደግሞ የላይኛውን ጠፍጣፋ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለመጠምዘዝ ይሞክሩ። ወደ ታች ሲጫኑት ንቅንቅ የማይል ብዙ ትራይፖድ ሲጠመዘዝ ይሸነፋል።

እግሩ ሲታጠፍ ማጠሩን ብቻ ማየት

ባለአምስት ክፍል እግር ሻንጣ ውስጥ ስለሚገባ ያማልላል። ግን የመጨረሻው ክፍል እስክሪብቶ ያህል ቀጭን ነው፤ የላይኛው ምንም ቢወፍር ሸክሙ መሬት የሚደርሰው በዚያ በኩል ነው። የቱቦው ግድግዳ ውፍረት ሳይለወጥ ዲያሜትሩ እጥፍ ቢሆን መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። በትንሽ ውፍረት ብዙ እርጋታ ይገኛል ማለት ነው። ለኔ ባለሦስት ክፍል እግር ቢረዝምም ተመራጭ ነው።

ካሜራው ቀላል ነው ብሎ መዘናጋት

ዛሬ ከ1.5 ኪሎ በታች የሚመዝኑ ባለ 4 በ5 የእንጨት ካሜራዎች አሉ። ባለቤቶቻቸው «ለዚህማ የጉዞ ትራይፖድ ይበቃዋል» ይላሉ። ሚዛኑ ግን ቅርጹን አይናገርም። ወናፉ (ሌንሱንና ጀርባውን የሚያገናኘው ተጣጣፊ ክፍል) ሲዘረጋ ሌንሱ ከትራይፖዱ መሀል ወደ ፊት ይርቃል፤ የወናፉ ጎን ንፋስ ይይዛል፤ መስታወቱን ለማየት የምንከናነበው ጥቁር ጨርቅ ከኋላ ይርገበገባል። ከዚያ ፊልም ሆልደሩ፣ ማለትም የፊልሙ መያዣ፣ ይመጣል። ሆልደሩን ለማስገባት የኋላውን ስፕሪንግ ከፍቶ መግፋት፣ መከለያውን ለማውጣት ደግሞ መሳብ አለ። ከባድ ካሜራ ይህን በክብደቱ ይቋቋመዋል። ቀላሉ ካሜራ በቀላል እግር ላይ ሲሆን ግን በጥንቃቄ ያስተካከሉት ፍሬም እዚያው ይዞራል። እንዲያውም ካሜራው በቀለለ ቁጥር እግሩ መጠንከር አለበት ብል አላጋነንኩም።

ቦል ሄድ

ቦል ሄድ በኳስ ላይ የሚዞር የትራይፖድ ራስ (ካሜራው የሚቀመጥበት የላይኛው ክፍል) ነው። ለትንሽ ካሜራ ግሩም ነው፤ እዚህ ግን አልመክረውም። አንዱን ማጥበቂያ ሲያላሉት ካሜራው በሁሉም አቅጣጫ ይለቀቃል። አድማሱን ላስተካክል ሲሉ ቀጥ ብሎ የነበረው የካሜራ ጀርባ ይዘማል፤ ጀርባው ከዘመመ ደግሞ የሕንፃው ግድግዳዎች ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ከባድ ካሜራ ሲሆን ባልታሰበ ሰዓት በሌንሱ በኩል ይደፋል፣ ጣትም ይቆነጥጣል። ባለሦስት እጀታው ራስ እያንዳንዱን አቅጣጫ ለብቻው ስለሚያላላ በውሃ ልክ አንዱን አስተካክሎ አጥብቆ ወደ ቀጣዩ መሄድ ይቻላል። በጥርሳም ጎማ (ጊር) የሚዞረው ራስ ሕንፃ ለሚያነሳ ሰው ከዚህም ይበልጣል፣ ክብደቱን ከቻሉት። ለ8 በ10 ራሱን ጭራሽ ትተው ካሜራውን በቀጥታ እግሩ ላይ የሚያስሩ አሉ፤ ብዙ ወደ ታችና ወደ ላይ ለማያዘነብል ሰው ጥሩ ዘዴ ነው።

የካሜራው መቀመጫም ይታይ። ሰፊ የእንጨት መሠረት በትንሽ ፕሌት (ካሜራው የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ብረት) ላይ በአንድ ብሎን ሲታሰር ይዞራል።

ብሎኑን አለመለካት

ካሜራውን ከትራይፖዱ ጋር የሚያስረው ብሎን ሁለት ልክ አለው፦ 1/4 ኢንችና 3/8 ኢንች። ትልልቆቹ ካሜራዎች ብዙ ጊዜ 3/8 ናቸው፤ መቀነሻ ቀለበቱ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። አደገኛው የብሎኑ ርዝመት ነው። በአሮጌ የእንጨት ካሜራ ላይ ከቀዳዳው ጥልቀት የረዘመ ብሎን እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ መሠረቱን ከውስጥ ይገፋዋል፣ ይሰነጥቀዋልም።

የመሬት ቀያሾችን ትራይፖድ የሚያስቡ ካሉ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ጠንካራ ነው፣ ያገለገለውም ይገኛል። ሆኖም ብሎኑ አብዛኛውን ጊዜ 5/8 ኢንች ስለሆነ መቀየሪያ ያስፈልገዋል፤ እግሮቹም የተሠሩት አፈር ላይ እንዲተከሉ ነው። ሴራሚክ ወለል ላይ ሦስቱንም በሰንሰለት ካላያያዟቸው ይንሸራተታሉ።

ቁመትን በግምት መግዛት

1.70 ሜትር የሚረዝም ሰው ዓይኑ ወደ 1.60 ላይ ነው። የትራይፖዱ ራስ 12 ሴንቲሜትር፣ ከካሜራው መሠረት እስከ መስታወቱ መሀል ሌላ 12 ወይም 13 ሴንቲሜትር ቢወስድ፣ ሜዳ ላይ 1.35 ሜትር የሆነ እግር ይበቃል። ተዳፋት ላይ አንዱ እግር ወደ ታች ስለሚረዝም 1.50 ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በላይ ያለው ቁመት ንቅናቄ መግዛት ነው። የመሀል ምሰሶውን ደግሞ ባይኖር ደስ ይለኛል፤ ሦስት እግር ያስገኘውን እርጋታ አንድ ዘንግ ላይ ሰቅሎ ማበላሸት ነው።

ለማንና የት ለመጠቀም እንደሚገዙ አለማሰብ

መኪናው አጠገብ ቆሞ የሚያነሳ ሰው ካርቦን ፋይበር ላይ ገንዘብ የሚያፈስበት ምክንያት አይታየኝም። ጀርመን የሚሠራው የበርሌባህ የእንጨት ትራይፖድ ወይም የአሜሪካው ሪስ ንዝረትን ይውጣል፣ በብርድ ሲይዙትም እጅ አያቃጥልም። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ የድሮዎቹ ከባድ የማንፍሮቶ አሉሚኒየም ትራይፖዶች ቦገን በሚል ስም ይሸጡ ስለነበር በዚያ ስም ፈልጉ። የትራይፖዱ ራስ ላይ ያለው ባለስድስት ማዕዘን ፕሌት አብሮ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ፤ ጠፍቶ ይመጣል። በእግር ለሚሄድ ሰው ግን ነገሩ ይለያል። ስሜን ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ 5 ኪሎ ትራይፖድ ተሸክሞ መውጣት ከባድ ነው፤ ደባርቅ ላይ በቅሎ ካልተከራዩ ወፍራሙን ባለሦስት ክፍል ካርቦን መግዛት ያዋጣል።

ቀላሉን ገዝተው ቦርሳ በማንጠልጠል ሊያከብዱት ካሰቡ ቦርሳው መሬት ይንካ። አየር ላይ ከተንጠለጠለ ንፋስ ያወዛውዘዋል፣ ካሜራውም አብሮት ይወዛወዛል።