የአሜሪካ ሃይስኩል ጂኦሜትሪ፦ ልጅዎ የት ላይ እንደተያዘ መለያውና መፍትሄው

ኢትዮጵያ ውስጥ ጂኦሜትሪ በየክፍሉ የሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ በምዕራፍ እየገባ ይመጣል። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ሃይስኩሎች ግን ራሱን የቻለ የአንድ ዓመት ትምህርት ነው፤ ብዙ ጊዜ በ9ኛ ወይም በ10ኛ ክፍል፣ ከአልጀብራ 1 ቀጥሎ ይወሰዳል። በመስመርና በአንግል ተጀምሮ ወደ ጎነ ሦስት ያልፋል፤ ከዚያ ሲሚላሪቲ (የቅርጾች ተመሳሳይነት)፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ ክብ፣ ስፋትና ይዘት ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሊለያይ ይችላል። ተማሪዎች የሚወድቁባቸው ቦታዎች ግን ያው ናቸው።

ችግር፦ በአልጀብራ ኤ የነበረ ልጅ በመጀመሪያው ፈተና ሲ አመጣ

አልጀብራ ላይ የመጨረሻው ቁጥር ትክክል ከሆነ አብዛኛው ነጥብ ይገኛል። እዚህ ግን ጥያቄው ብዙ ጊዜ መልሱን ራሱ ይነግርና ለምን እውነት እንደሆነ አስረዳ ይላል። ምክንያት ያልተጻፈበት ትክክለኛ መልስ ነጥብ ያስቆርጣል፤ ልጁም የት እንደተሳሳተ ግራ ይገባዋል።

መፍትሄው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አንድ ደብተር ለሕጎች ብቻ መመደብ ነው። ለአንድ ሕግ አንድ ገጽ፦ ከላይ ሕጉ፣ መሐል ላይ ሥዕሉ፣ ከሥር ደግሞ ሕጉ የማይሠራበት አንድ ምሳሌ። ሦስተኛውን አብዛኛው ተማሪ ይዘለዋል፤ ፈተና ላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን እሱ ነው።

ችግር፦ ፕሩፍ (በምክንያት የተደገፈ ማረጋገጫ) ሲሰጠው ወረቀቱ ላይ አፍጥጦ ይቀራል

የዓመቱ ትልቁ እንቅፋት ይኼ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። በሁለት ዓምድ የሚጻፍ ፕሩፍ በግራ የምንለውን፣ በቀኝ ምክንያታችንን ይይዛል። ልጁ የሚደናቀፈው ከመጀመሪያው መስመር ተነስቶ ወደ ታች ለመጻፍ ስለሚሞክር ነው። የት እንደሚደርስ ሳያውቅ የመጀመሪያውን እርምጃ መምረጥ አይችልም። ስለዚህ ከታች ይጀምር።

ሀለ እና ሐመ የተባሉ ሁለት መስመሮች ሠ ላይ ተቋርጠው እያንዳንዱ ሌላውን እኩል ለሁለት ከፍሎታል እንበል። ሀሐ እና ለመ እኩል መሆናቸውን አረጋግጥ ተባለ። መጀመሪያ ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ሀሐ = ለመ» ተብሎ ይጻፍ። ከዚያ ይጠየቅ፦ ሁለት ጎኖች እኩል ናቸው የሚያሰኘን ምንድን ነው? ኮንግሩየንት በሆኑ፣ ማለትም ተደራርበው ልክክ በሚሉ ሁለት ጎነ ሦስቶች ውስጥ ተጓዳኝ ቦታ ላይ ካሉ። የትኞቹ ጎነ ሦስቶች? ሀሠሐ እና ለሠመ። እነሱንስ ኮንግሩየንት ለማለት ምን አለን? እኩል መከፈሉ ሁለት ጥንድ ጎን ይሰጠናል፤ መቋረጡ አንድ ጥንድ አንግል ይሰጠናል። ጎን፣ አንግል፣ ጎን ሞላ። አሁን ወደ ላይ ተመልሶ በንጹሕ ይጻፋል፦

1. ሀለ እና ሐመ ሠ ላይ እርስ በርስ እኩል ይከፋፈላሉ፤ ምክንያት፦ ተሰጥቷል።
2. ሀሠ = ለሠ፣ ሐሠ = መሠ፤ ምክንያት፦ እኩል ለሁለት የመክፈል ትርጉም።
3. አንግል ሀሠሐ = አንግል ለሠመ፤ ምክንያት፦ ቨርቲካል አንግሎች (ሁለት መስመሮች ሲቋረጡ ፊት ለፊት የሚተያዩት) እኩል ናቸው።
4. ጎነ ሦስት ሀሠሐ እና ጎነ ሦስት ለሠመ ኮንግሩየንት ናቸው፤ ምክንያት፦ ኤስኤኤስ፣ ማለትም ጎን-አንግል-ጎን።
5. ሀሐ = ለመ፤ ምክንያት፦ ሲፒሲቲሲ፣ ማለትም የኮንግሩየንት ጎነ ሦስቶች ተጓዳኝ ክፍሎች እኩል ናቸው።

ነጥብ የሚያስቆርጡት ስህተቶች ተደጋጋሚ ናቸው። አንደኛው ሲፒሲቲሲን ከአራተኛው መስመር በፊት መጥራት ነው፤ ጎነ ሦስቶቹ ኮንግሩየንት መሆናቸው ሳይረጋገጥ ያ ሕግ ሊጠቀስ አይችልም። ሌላው የፊደላት ቅደም ተከተል ነው። ሀ ከለ ጋር፣ ሐ ከመ ጋር ስለሚጓዳኝ «ሀሠሐ እና መሠለ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ ሥዕሉ ያው ቢሆንም የተባለው ነገር ተለውጧል። ሦስተኛው ምክንያት ሲጠፋ «ተሰጥቷል» ብሎ ማለፍ ነው። መምህሩ ጥያቄውን መልሶ ሲያነብ ያልተሰጠ ሆኖ ያገኘዋል።

ወላጅ እዚህ ላይ በደንብ መርዳት ይችላል፤ ጂኦሜትሪ ማስታወስም ሆነ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልገውም። የምክንያቱን ዓምድ በወረቀት ሸፍነው እያንዳንዱን መስመር እያሳዩ በአማርኛ «ለምን?» ይበሉት። መልስ ያጣበት መስመር ላይ ምልክት ያድርጉ፤ በማግስቱ ለመምህሩ የሚያቀርበው ጥያቄ እሱ ነው።

ችግር፦ «ሥዕሉ ላይ እኩል ይመስላል»

የፈተና ሥዕሎች ብዙ ጊዜ በትክክለኛ ልክ የተሣሉ አይደሉም። ከሥዕል በዓይን የሚወሰደው ጥቂት ነው፦ ነጥቦች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው፣ የትኛው ነጥብ ከየትኞቹ መካከል እንዳለ፣ መስመሮች የት እንደሚቋረጡ። እኩልነት፣ 90 ዲግሪነትና ትይዩነት ግን ወይ በጽሑፍ ወይ በምልክት መሰጠት አለባቸው። መፍትሄው ሥዕሉን ሆን ብሎ አጣሞ እንደገና መሣል ነው። የተሰጡት ነገሮች ብቻ እንደተጠበቁ ሆነው ሥዕሉ ሲጣመም እኩልነቱ ከጠፋ፣ መጀመሪያውንም አልተሰጠም ነበር ማለት ነው።

ችግር፦ ሁለት ጎንና አንድ አንግል ስላለው «ኮንግሩየንት ናቸው» ብሎ ተሳሳተ

አንግሉ በሁለቱ ጎኖች መካከል ካልሆነ ኤስኤኤስ አይደለም። ይህን በቃል ከመሸምደድ በገዛ እጅ መሥራት ይሻላል። አግድም መስመር ይሠመር፤ በግራ ጫፉ ሀ ላይ በፕሮትራክተር 30 ዲግሪ ይለካ። በተነሣው መስመር ላይ ከሀ 10 ሴንቲሜትር ርቆ ለ ይደረግ። ኮምፓሱን 6 ሴንቲሜትር ከፍቶ መርፌውን ለ ላይ ተክሎ ቅስት ሲሠራ፣ ቅስቱ አግድሙን መስመር ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል፦ ከሀ በግምት 5.3 እና 12 ሴንቲሜትር ላይ። ጎኖቹ 10 እና 6፣ አንግሉ 30 ሆኖ ሁለት የተለያዩ ጎነ ሦስቶች ወጡ። ይህን አንድ ጊዜ የሠራ ተማሪ ዳግም አይሳሳትም።

ችግር፦ ኤክስን አገኘ፣ መልሱ ግን ስህተት ተባለ

ሁለት ትይዩ መስመሮችን ሦስተኛ መስመር አቋርጧቸው፣ በአንድ ወገን ያሉት ውስጣዊ አንግሎች 3ኤክስ + 10 እና 2ኤክስ + 20 ናቸው እንበል። ትልቁ አንግል ስንት ነው? ብዙዎች ሁለቱን እኩል አድርገው ኤክስ 10 ነው ይላሉ። ሲተካ 40 እና 40 ይወጣል። በአንድ ወገን ያሉት ግን ድምራቸው 180 መሆን አለበት። 5ኤክስ + 30 = 180፣ ኤክስ = 30፤ አንግሎቹ 100 እና 80 ናቸው። ሌላው ተማሪ ደግሞ 30 ላይ ደርሶ ይቆማል፤ የተጠየቀው ግን 100 ነበር። መድኃኒቱ የተጠየቀውን ነገር ሥራ ሳይጀምሩ ማክበብ፣ መጨረሻ ላይም ኤክስን ተክቶ ድምሩን ማየት ነው።

ችግር፦ የኮምፓሱ ቅስቶች አይገናኙም፣ ቢገናኙም መስመሩ ይዛነፋል

መስመርን እኩል ለሁለት ሲከፍሉ የኮምፓሱ መክፈቻ ከመስመሩ ግማሽ መብለጥ አለበት። 8 ሴንቲሜትር ለሆነ መስመር 5 ሴንቲሜትር ይከፈት፤ ቅስቶቹ ከመስመሩ በላይና በታች ልክ 3 ሴንቲሜትር ላይ ይገናኛሉ፣ በማስመሪያ ለክቶ ማረጋገጥ ይቻላል። የሚዛነፈው ደግሞ እግሮቹ በሥራ መሐል ስለሚላሉ ነው። መሐሉ ላይ ብሎን ያለው ኮምፓስ ይገዛ፣ እርሳሱ ይቀረጽ፣ መርፌው እንዳይንሸራተት ከወረቀቱ ሥር ካርቶን ይነጠፍ። ቅስቶቹን በላጲስ ማጥፋት አይገባም፤ በኒው ዮርክ ስቴት የሪጀንትስ ፈተና ላይ የኮምፓሱ ምልክቶች ሁሉ እንዲቀሩ በግልጽ ይታዘዛል።

ችግር፦ ካልኩሌተሩ ለሳይን 30 ኔጌቲቭ ቁጥር ሰጠ

ትክክለኛው 0.5 ነው። ‎-0.988 ከወጣ ካልኩሌተሩ በራዲያን (ከዲግሪ ሌላ የሆነ የአንግል መለኪያ) ላይ ነው፤ ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ ወደ ዲግሪ መመለስ ነው። ዴዝሞስ የተባለው የኢንተርኔት ግራፊንግ ካልኩሌተር ሲከፈት በራዲያን ይጀምራል። ከማንኛውም የትሪጎኖሜትሪ ፈተና በፊት ሳይን 30ን መሞከር ልማድ ይሁን።

እግረ መንገድ፣ በ30-60-90 ጎነ ሦስት √3ን እና 2ን የሚያቀያይሩ አሉ። እኩል ጎን ያለው ጎነ ሦስት መሐል ለመሐል ሲከፈል የሚገኘው ግማሽ ነውና ረጅሙ ጎን የአጭሩ እጥፍ ነው፤ √3 በግምት 1.73 ስለሆነ መካከለኛው ነው። ይህ የጎኖች ዝምድና ለኮሌጅ መግቢያ በሚወሰደው የኤስኤቲ ፈተና ላይ በቀመሮች ሠንጠረዥ ውስጥ ይሰጣል። ከኤስኤቲ ሂሳብ በግምት 15 በመቶው ጂኦሜትሪና ትሪጎኖሜትሪ ስለሆነ፣ ሠንጠረዡን ማግኘት ብቻ ሳይሆን ማንበብ መቻልም ያስፈልጋል።

ችግር፦ ሕጉን ገልብጦ ተጠቀመ

የሬክታንግል ዲያጎናሎች (ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ የሚሠመሩት መስመሮች) እኩል ናቸው። እኩል ዲያጎናል ያለው ጎነ አራት ሁሉ ግን ሬክታንግል አይደለም፤ ሁለቱ ዘንበል ያሉ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ትራፒዞይድም እኩል ዲያጎናል አለው። በሕጎቹ ደብተር ላይ ከእያንዳንዱ ሕግ አጠገብ «ሲገለበጥ ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ተብሎ ይጻፍ።

ችግር፦ ሬዲየሱ እጥፍ ሲሆን ይዘቱም እጥፍ ይሆናል አለ

ርዝመት በ2 ሲባዛ ስፋት በ4፣ ይዘት በ8 ይባዛል። ሬዲየሱ 3 ሴንቲሜትር የሆነ ሉል ይዘቱ 36ፓይ ነው፤ ሬዲየሱ 6 ሲሆን 288ፓይ። ሁለቱንም በፎርሙላው አስልቶ አንዱን ለሌላው ማካፈል 8ን በዓይን ያሳያል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሲሊንደር ላይ ነው፦ ቁመቱ ሳይነካ ሬዲየሱ ብቻ እጥፍ ከሆነ ይዘቱ የሚያድገው በ4 ነው።

መምህሩ ጋ መሄድ ያለበት መቼ ነው?

የቤት ሥራው ሁልጊዜ ሙሉ ነጥብ እያገኘ ፈተናው ከወደቀ፣ ልጁ መልሱን ከስልክ አፕ ወይም ከመጽሐፉ ምሳሌ እየገለበጠ ሊሆን ይችላል። ትናንት የሠራውን አንድ ፕሩፍ ባዶ ወረቀት ላይ ያለ ምንም እርዳታ ይድገመው፤ ካልቻለ በዚያው ሳምንት መምህሩ ጋ ይሂድ። በተለይ ኮንግሩየንት ጎነ ሦስቶች ላይ ከተያዘ አይቆይ፤ ፓራሌሎግራም፣ ሲሚላሪቲና የክብ ቲዎረሞች (ሕጎች) በዚያ ላይ ነው የሚቆሙት። ሲሄድም «አልገባኝም» ከማለት ይልቅ ምልክት የተደረገበትን መስመር ከነወረቀቱ ይዞ ይሂድ።