ኢንስቶለሩን ለሁሉም ከመጫናችሁ በፊት ውስጡን እዩት

ቢሯችን ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። 40 ኮምፒውተር የምከታተለው እኔ ነኝ። አንድ ሐሙስ ማታ የሠራተኛ መግቢያ ሰዓት የሚመዘግብ ፕሮግራም ሁሉም ላይ ጫንኩ። አንድም ኤረር አልሰጠኝም። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አርብ ጠዋት 2፡30 ላይ ከሒሳብ ክፍል ተደወለልኝ። «ልጄ፣ የሒሳቡ ፕሮግራም አልከፈት አለኝ እኮ። ደንበኛ ቆሞብኛል» አሉኝ ቢሮው ሁሉ እናታችን የሚላቸው የሒሳብ ሠራተኛ። ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ጥፋቱ አንድ ፋይል ነበር። ሁለቱም ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) አዲሱ ኢንስቶለር፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚጭነው ፋይል፣ በአሮጌ ቨርዥን ተክቶታል። ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ የምጭነው ነገር የለም።

ኢንስቶለሩ ኤምኤስአይ (ስሙ .msi ብሎ የሚያልቅ) ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ኤምኤስአይ ማለት ዳታቤዝ ነው፤ በሠንጠረዥ የተደራጀ። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ኤስዲኬ (ለፕሮግራም ሠሪዎች የሚሰጥ የመሣሪያ ስብስብ) ውስጥ የሚሰጠው ኦርካ የሚባል መሣሪያ ሳትጭኑት ይከፍትላችኋል።

መጀመሪያ «ፋይል» የሚለውን ሠንጠረዥ ክፈቱ። የፋይሉ ስም ከነቨርዥኑ ተጽፏል። ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው ፎልደሮች፣ ሲስተም 32 ወይም ኮመን ፋይልስ፣ ውስጥ የሚገቡትን ለይታችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ።

ቀጥሎ «ፕሮፐርቲ»። እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ዊንዶውስ ኢንስቶለር (ኤምኤስአይን የሚጭነው የዊንዶውስ ክፍል) ዝም ብሎ አዲስ ፋይልን በአሮጌ አይተካም። ነገር ግን ሪኢንስቶል ሞድ (REINSTALLMODE) በሚለው መስመር ላይ «ኤ» (a) የምትል ፊደል ካለች ቨርዥን ሳያይ ሁሉንም ይተካል። እኛን ጉድ የሠራችን ይቺ ፊደል ናት። ካያችኋት አትጫኑ፤ ሻጩን ጠይቁ።

«ኮምፖነንት» የሚለውንም እዩ። ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ በተለያየ መለያ ቁጥር ካስቀመጡ፣ ዊንዶውስ ፋይሉን በጋራ እንደሚጠቀሙበት አያውቅም። አንዱን ስታጠፉት የሌላውንም ፋይል ይዞት ይሄዳል። ይሄ ከወራት በኋላ የሚወጣ ችግር ስለሆነ ምክንያቱን ማግኘት ያደክማል።

ኢንስቶለሩ ኢኤክስኢ (ስሙ .exe ብሎ የሚያልቅ) ከሆነ ውስጡን እንዲህ አያሳይም። ከመጫኑ በፊትና በኋላ ያለውን ፋይልና ሬጂስትሪ (የዊንዶውስና የፕሮግራሞች ቅንብር የሚቀመጥበት) መዝግባችሁ አወዳድሩ። ዳታቤዝ ይዞ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ፖርቱን (በኔትወርክ የሚገናኝበትን ቁጥር) ኔትስታት በሚባለው ትእዛዝ እዩ። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ካልቀየሩት 3306ን ነው የሚፈልገው፤ ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ከያዘው አይነሳም።

ከዚያ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ሞክሩ። ባዶ ዊንዶውስ ላይ ግን አይደለም። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው፤ ባዶ ላይ ሁሉም ነገር ይሠራል። ሠራተኛው የሚጠቀምባቸው ፕሮግራሞች በሙሉ ይኑሩበት። ስናፕሾት (ወደነበረበት የምትመልሱበት ቅጂ) ያዙ፣ ሎግ (የሚሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል) እየጻፈ እንዲጭን አድርጉ። ካልተሳካ ሎጉ ውስጥ «ሪተርን ቫልዩ 3» የሚለውን ፈልጉ፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሱ በላይ ያሉት መስመሮች ላይ ነው። የድሮዎቹን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ክፈቱ። ከዚያ አዲሱን አንኢንስቶል አድርጉና እንደገና ክፈቷቸው። ብዙ ሰው ይቺን የመጨረሻዋን ይዘላታል።

ሁሉም ደህና ከሆነ 3 ኮምፒውተር ላይ ብቻ ጫኑና ሁለት የሥራ ቀን ጠብቁ። ወር መጨረሻ ላይ አይሁን፤ አርብም አይሁን። ከሦስቱ አንዱ ሁሌም የእናታችን ኮምፒውተር ነው። ጭኜ ስጨርስ ደረሰኝ እስኪያትሙ አጠገባቸው ቆሜ እጠብቃለሁ።