ሦስት ሲፒዩ፣ አንድ ኪቦርድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ቤቱ ጠባብ ነው። ሲፒዩው ጠረጴዛ ሥር ይደረደራል፤ ለሁለተኛ ሞኒተር ግን ቦታ የለም። ኬቪኤም ስዊች የሚባለው ትንሽ ሳጥን ይህን ይገላግላል። በአንድ ኪቦርድ፣ በአንድ ማውስና በአንድ ሞኒተር ሁሉንም ኮምፒውተር በየተራ ያሠራል። ዕቃውን እወደዋለሁ። ሰው ተማሮ ሲጥለው ሳይ ግን ያናድደኛል፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው አይደለምና።

የመጀመሪያው ስህተት ስም ሳያጣሩ መግዛት ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የኤችዲኤምአይ ስዊች ይዞ የሚመለስ አለ። ይህ ስዊች የሚቀያይረው ምስልና ድምፅ ብቻ ነው። ወደ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚሄድ የዩኤስቢ መስመር ከሌለው ኪቦርድና ማውስ አይቀይርላችሁም።

የኮምፒውተሮቹን ጀርባ ሳያዩ መሄድም ያስከፍላል። የሞኒተር መሰኪያው አሮጌው ላይ ቪጂኤ ብቻ፣ አዲሱ ላይ ኤችዲኤምአይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቪጂኤ አናሎግ፣ ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው። ስለዚህ ጫፉን ብቻ የሚያገናኝ ኬብል አይበቃም፤ ሲግናሉን የሚለውጥ ኮንቨርተር ያስፈልጋል። ከየት ወደ የት እንደሚለውጥም ጠይቁ።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደምጠየቀው ልምጣ። «አንዱ ላይ አማርኛ ይጽፋል፣ ስቀይረው እንግሊዝኛ ይሆናል፤ ስዊቹ ተበላሸ?» አልተበላሸም። ስዊቹ የሚያስተላልፈው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ነው። «ሀ»ን «ሀ» የሚያደርገው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ ፓወር ግዕዝ ወይም ኪማን፣ ነው። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ጫኑ፣ የአጻጻፍ ስልቱንም አንድ አድርጉት። አለበለዚያ ቀኑን ሙሉ ጣታችሁ ይምታታል። የዴስክቶፑን ምስልም ለየብቻ አድርጉ፤ የአንዱን ደንበኛ ደብዳቤ ሌላው ኮምፒውተር ላይ መጻፍ በጣም ቀላል ነው።

ፍላሽ ስዊቹ ላይ አትሰኩ። እኔ ሰክቼ የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እየተገለበጠ ሳለ የስዊቹን መቀየሪያ ቁልፍ ተጫንኩት። ፍላሹ ወዲያው ከኮምፒውተሩ ተላቀቀ፣ ፋይሉም አልከፈት አለ። ልጅቷ ኢሜይሏ ላይ ባታስቀምጠው ኖሮ ምን እላት እንደነበር አላውቅም። ፍላሽና ፕሪንተር በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩ።

«ሶፍትዌር እያለ ዕቃ ለምን እገዛለሁ?» የሚልም አለ። የማይክሮሶፍቱ ማውስ ዊዝአውት ቦርደርስ ነፃ ነው፤ እስከ 4 የዊንዶውስ ኮምፒውተር ያገናኛል። ግን ኪቦርድና ማውስ እንጂ ሞኒተር አያጋራም። ዊንዶውስ ካልተነሣም አይሠራም።

መብራትን ደግሞ አትርሱ። ሲፒዩዎቹን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ፣ ሞኒተሩን ግድግዳው ላይ የሚሰካ ብዙ ነው። መብራት ሲሄድ ሦስቱም ኮምፒውተሮች እየሠሩ፣ ሴቭ ለማድረግ የሚያይ ዓይን ይጠፋል። ሞኒተሩ፣ ስዊቹም የራሱ አዳፕተር ካለው እሱም፣ ዩፒኤሱ ላይ ይሁኑ። ዛሬ ማታ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው ንቀሉና ሞኒተሩ በርቶ ይቆይ እንደሆነ እዩ።