የሚጎተተውን የኪክ ድምፅ ያስተካከልሁበት መንገድ

አራት ኪሎ በሚገኘው መኖሪያዬ፣ 4 ሜትር ርዝመት ባለው ሳሎን ውስጥ ሀውስ ወይም ቴክኖ የተባለው የዳንስ ሙዚቃ ሲከፈት፣ የኪኩ (የትልቁ ከበሮ) ምት ጥርት ብሎ ከማለቅ ይልቅ እየተጎተተ ከሚቀጥለው ምት ጋር ይደባለቅ ነበር። አምፕሊፋየር ከመለወጥ በፊት ክፍሉን መመርመር መረጥሁ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ (ፍጥነቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ የአዲስ አበባ ከፍታ አይደለም)፣ 4 ሜትር በሚራራቁ ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ግማሽ ሞገዱ 4 ሜትር የሚሆነው፣ በ43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) አካባቢ ያለው ድምፅ እየተመላለሰ ይጎላል፤ የኮንክሪት ግድግዳም ይህን ጉልበት እምብዛም አይውጠውም። ከስልኬ በሰብዉፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ በሚያወጣው ስፒከር) በኩል ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወጣ ድምፅ ሳጫውት፣ 43 ኸርዝ ላይ የቡፌው መስታወት ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ስለዚህ ሰብዉፈሩን ከጥግ አንስቼ በምቀመጥበት ሶፋ ላይ አኖርሁትና፣ ያንኑ ድምፅ እያጫወትሁ በግድግዳው ሥር ጎንበስ ብዬ በመዞር ቤዙ ሳይጎላና ሳይጠፋ የሚሰማበትን ስፍራ ፈለግሁ። ከበሩ አጠገብ ተገኘ፤ ሰብዉፈሩም እዚያው ተተከለ። ክሮስኦቨሩን (ወፍራሙን ድምፅ ለሰብዉፈሩ፣ ቀሪውን ለሌሎቹ ስፒከሮች የሚከፍለውን) 80 ኸርዝ ላይ አድርጌ፣ የፌዝ ማስተካከያውንም (የሰብዉፈሩን ንዝረት ከሌሎቹ ስፒከሮች ጋር የሚያስማማውን) ከ0 ወደ 180 ዲግሪ ስለውጠው ኪኩ ሞላ፤ መጎተቱም ቀረ።

አዲስ ሰብዉፈር ለሚገዛ ሰው ምርጫዬ ቀዳዳ የሌለው፣ ዝግ ሳጥን ነው። ቀዳዳ ያለው ሳጥን በተመሳሳይ ዋት የበለጠ ቢጮህም፣ ቀዳዳው ከተቃኘበት ድግግሞሽ በታች ድምፁ በየኦክታቩ (ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) 24 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ የዝጉ ግን 12 ያህል ብቻ ነው፤ ምቱም ቶሎ ይቆማል። ለእንዲህ ያለ ሳሎን ባለ 10 ኢንቹ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ለጎረቤት ነው።