ጨው ስጨምርበት የቀጠነው ፈሳሽ ሳሙና

አዘዞ፣ ጎንደር፣ ቤቴ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እሠራለሁ። ሰሞኑን 20 ሊትር በጠበጥኩና እንደ ውኃ ቀጠነብኝ። አረፋው ደህና ነው። ግን ቀጭን ሳሙና ማን ይገዛል?

ጨው ጨመርኩ፤ ትንሽ ወፈረ። ደስ ብሎኝ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ይባስ ብሎ ቀጠነ፣ ደፈረሰም። ሁለት ቀን አስቀመጥኩት፤ ወይ ፍንክች!

ነገሩ ወዲህ ነው። የሳሙናው ዋና አረፋ ሰጪ ቴክሳፖን (ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት) ነው። ሞለኪውሉ ራስና ጭራ አለው፤ ራሱ ውኃ ይወዳል፣ ጭራው ቅባት። ውኃ ውስጥ ጭራቸውን ወደ ውስጥ ደብቀው ይሰባሰባሉ፤ ይህ ስብስብ ሚሴል ይባላል። ራሶቹ ሁሉም ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ። የጨው ሶዲየም ግፊያውን ያበርደዋል። ያኔ ድቡልቡሉ ሚሴል ወደ ረጅም ክር ይለወጣል፣ ክሮቹ ይጠላለፋሉ፣ ሳሙናው ይወፍራል። ጨው ከልክ ሲያልፍ ግን መጠላለፉ ይላላል። እኔ ያለፍኩት ይህንን ልክ ነው።

መፍትሔው ጨው አልነበረም። በዚያው መጠን ሌላ 20 ሊትር ያለ ጨው በጠበጥኩ። መጀመሪያ በብርጭቆ፣ ግማሽ በግማሽ ቀላቅዬ ሞከርኩ። እንደ ማር ሆነ! ከዚያ ሁሉንም አዋሃድኩ። አረፋው እስኪወርድ አሳደርኩት። ፒኤች (የአሲድነት ልክ) በወረቀት ስለካ 7 አካባቢ ነው።

አሁን ጨውን መጀመሪያ በውኃ አሟሟለሁ፤ በግራም እየመዘንኩ በጥቂት በጥቂቱ እጨምራለሁ። ውፍረቱን የማየው ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ሙቅ ሆኖ ቀጭን ይመስላል።