ዋናው ሰርቨር ዝም ሲል

ቱሉ ዲምቱ ላለ አንድ የግንባታ ዕቃ መጋዘን የሽያጭ ሲስተም ሠርቼ ነበር። ዋናው ሰርቨር እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ተጠባባቂው ቃሊቲ ባለው ቢሯቸው። እኛ ሰፈር መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ሁለቱንም ዩፒኤስ ላይ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ሰካሁ፣ ዋናው ለ5 ሰከንድ መልስ ካልሰጠ ተጠባባቂው ራሱን ዋና እንዲያደርግ ስክሪፕት ጻፍኩ፣ ዋናውን አጥፍቼ ሞከርኩት፣ ሠራ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት መብራት ሄደ። ሰርቨሩ አልጠፋም። የካሸሯ ኮምፒውተርም አልጠፋም። የጠፋው ራውተሩ ነው፤ ለካ ግድግዳው ላይ ካለው ተራ ሶኬት ነበር የተሰካው። የቃሊቲው ሰርቨር 5 ሰከንድ ጠብቆ «በቃ ሞቷል» አለና ዋና ሆነ። የቱሉ ዲምቱው ግን መሞቱን የነገረው የለም፤ ማዘዣ መቁረጡን ቀጠለ። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ሁለት ዋና ሰርቨር ነበረን። ሁለት ደንበኞች አንድ ዓይነት የማዘዣ ቁጥር ይዘው መጡ። መጋዘን ውስጥ የቀረችው አንዲት ጥቅል ሽቦም ለሁለት ሰው ተሸጠች። ሂሳብ የሚሠሩት እናት ሁለቱን ወረቀት አስጠግተው «ልጄ፣ የቱን ልመን?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ይሄ ችግር ስፕሊት ብሬን ይባላል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? እኔም ሁለት ባላ ተክያለሁ። ግን አንደኛው መሰበሩን ማን ያረጋግጥ? ፌይልኦቨር ላይ፣ ማለትም ዋናው ሲወድቅ ሥራውን ወደ ተጠባባቂው ማዘዋወር ላይ፣ ከባዱ ሥራ ይሄ ነው። ማዘዋወሩማ ሁለት መስመር ትእዛዝ ነው።

እስቲ ራሳችሁን ተጠባባቂው ቦታ አስቀምጡ። ዋናው መልስ አልሰጠም። ሞቶ ይሆናል። ራውተር ጠፍቶ ይሆናል። መንገድ የሚቆፍሩ ሰዎች ፋይበሩን በጥሰውት ይሆናል። ወይም ዲስኩ ተጨናንቆ መልሱ ዘግይቶ ይሆናል። ከእናንተ በኩል አራቱም አንድ ናቸው፤ ዝምታ ብቻ ነው የሚታያችሁ። 5 ሰከንዱን 50 ብታደርጉትም ያው ነው፤ ስህተቱን ታሳንሱታላችሁ እንጂ አታጠፉትም። ሁለት ማሽን ብቻ ይዛችሁ ከዚህ መውጫ የለም።

ስለዚህ ሦስተኛ አምጡ። ዳታ አይዝም፣ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ምስክር በሉት። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። እድር ላይ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ውሳኔ አይተላለፍም አይደል? እዚህም ያው ነው፤ ከሦስት ሁለት ድምፅ ያላገኘ ዋና አይሆንም። አራት ቢሆኑስ ለምትሉ፣ ከአራት ሦስት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ያው የአንድ ማሽን መውደቅ ብቻ ነው የምትችሉት። ጎዶሎ ቁጥር ይሻላል። ምስክሩን ግን ከዋናው ጎን እንዳታስቀምጡት፤ መጋዘኑ በሙሉ የጠፋ ቀን የቃሊቲው ብቻውን ይቀርና ምንም መወሰን አይችልም። እኔ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ የመብራት መስመር ላይ አደረግኩት።

ይሄም አይበቃም። ድምፅ ያጣው አሮጌ ዋና ራሱ መውረድ አለበት፣ ያውም አዲሱ ከመነሳቱ በፊት። ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ፓትሮኒ የሚባለው ሶፍትዌር ይህን ይሠራላችኋል፤ የድምፅ አሰጣጡን የሚይዘው ደግሞ ኢቲሲዲ የሚባል ሌላ ፕሮግራም በሦስቱም ማሽኖች ላይ ሆኖ ነው። ካልነካካችሁት የዋናነት ሥልጣን የ30 ሰከንድ ኪራይ ነው፣ በየ10 ሰከንዱ ይታደሳል። ማደስ ያቃተው ዋና ኪራዩ ሳያልቅ ራሱን ያወርዳል፣ መጻፍ ያቆማል። ስክሪፕታችሁን ራሳችሁ ለመጻፍ ያማራችሁ ካላችሁ፣ ተዉት። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ከላይ አንብባችኋል።

ማሽኑ ደርቆ ራሱን ማውረድ ቢያቅተውስ? ለዚህ ፌንሲንግ አለ፤ የማትተማመኑበትን ማሽን በግድ ማጥፋት ማለት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ላሉ ሰርቨሮች አንዱ የሌላውን ኃይል እንዲቆርጥ ይደረጋል። በቱሉ ዲምቱና በቃሊቲ መካከል ግን አይሆንም፤ ኔትወርኩ ተቋርጦ ሳለ በምን መንገድ ሄዳችሁ ሶኬቱን ትነቅላላችሁ? እዚህ የሚሠራው ዋችዶግ ነው፦ ፓትሮኒ በየጊዜው «አለሁ» ካላለው ማሽኑን ራሱ ዳግም ያስነሳዋል።

አሁን ወደማይወደደው ጥያቄ። በዚህ ዲዛይን ኢንተርኔት የጠፋ ቀን መጋዘን ያለችው ካሸር ትቆማለች፣ ኮምፒውተሯ እየሠራም ቢሆን። ይህን ፕሮግራመር ብቻውን መወሰን የለበትም። ባለቤቱን «ጋሼ፣ ሽያጭ ትንሽ ደቂቃ ይቁም ወይስ አንድ ሽቦ ለሁለት ሰው ይሸጥ?» አልኳቸው። ሳልጨርስ «ይቁም!» አሉ። ለዚያች ሰዓት የወረቀት ማዘዣ ጥራዝ አዘጋጀን፣ ቁጥሩ በ«ቱ» ይጀምራል፣ በኋላ ወደ ሲስተሙ ይገባል። የእናንተ ደንበኛ «ይቀጥል» ሊል ይችላል። ያኔ ዲዛይኑ ሌላ ነው።

የዳታ ቅጂውም ምርጫ አለው። ዋናው ጽፎ ወዲያው «ጨርሻለሁ» ካለ ፈጣን ነው፣ ግን ድንገት ሲወድቅ ተጠባባቂው ጋ ያልደረሰው የመጨረሻው ጽሑፍ ይጠፋል። ተጠባባቂው እስኪቀበል ከጠበቀ አይጠፋም፣ ግን ተጠባባቂው ራሱ ሲጠፋ ዋናውም አብሮ ይንጠለጠላል። ለገንዘብ ሁለተኛውን፣ ለሪፖርት ምናምን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ፓትሮኒ ከ1 ሜጋባይት በላይ ወደ ኋላ የቀረን ተጠባባቂ በራሱ ዋና አያደርግም፤ ቁጥሩን ከመቀየራችሁ በፊት ስንት ማዘዣ ማለት እንደሆነ አስሉ።

መቸኮል የትንሾች ችግር እንዳይመስላችሁ። ጥቅምት 2018 በፈረንጆቹ፣ በ21ኛው ቀን፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት የጊትሀብ፣ በምሥራቅ አሜሪካ ያለው ዋና የዳታ ማዕከል ለ43 ሰከንድ ከኔትወርክ ተቆረጠ። አውቶማቲኩ ዋናነቱን ወደ ምዕራብ አሜሪካ አዛወረው። ኔትወርኩ ሲመለስ በሁለቱም በኩል ሌላኛው ጋ የሌለ ጽሑፍ ነበር። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ እስኪስተካከል 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ። ለ43 ሰከንድ!

ደንበኞቹን ወደ አዲሱ ዋና ማዞር ቀላሉ ክፍል ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ ከሆናችሁ ኪፕአላይቭዲ የሚባል ፕሮግራም ይዛችሁ አንድ ተንሳፋፊ አይፒ አድራሻ (ዋና የሆነውን ማሽን የሚከተል የኔትወርክ አድራሻ) ማዘዋወር ይበቃል፤ ሁለት ሰፈር ላይ ግን አይሠራም። የፖስትግሬስ ግንኙነት ላይ የሁለቱንም አድራሻ ጽፎ «መጻፍ የሚቻልበትን ፈልግ» ማለት ይቻላል፣ እኔ ያደረግኩት እሱን ነው። የማሽንን ስም ወደ አድራሻ በሚተረጉመው በዲኤንኤስ አትመኩ፤ አሮጌውን አድራሻ ይዞ የሚደርቅ ፕሮግራም አይጠፋም።

መመለሱ ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። መብራት መጥቶ በ10 ደቂቃ መልሶ ሊሄድ ይችላል፣ ዋናነቱም አብሮት ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል። የተመለሰው ማሽን ተጠባባቂ ሆኖ ይግባ፤ ያመለጠውን ጽሑፍ ተቀብሎ ከጨረሰ በኋላ፣ ማታ ሱቅ ሲዘጋ፣ በእጃችሁ ቀይሩት።

ስትሞክሩ ሰርቨሩን ብቻ አታጥፉ። እሱ ንጹሕ ሞት ነው፣ ሁሉም ሲስተም ያልፈዋል። ራውተሩን ንቀሉ። የዳታቤዙን ሂደት ሳትገድሉ አደንዝዙት። ዲስኩን ሙሉት። የምስክሩን ላፕቶፕ ዝጉትና ምንም እንዳልተፈጠረ እዩ፤ ከዚያ ምስክሩ እንደተዘጋ ራውተሩን ንቀሉ፣ ሁለቱም መጻፍ ማቆም አለባቸው። እኛ ይህን ቅዳሜ ማታ እናደርጋለን፣ ካሸሯም ሰዓት ትይዛለች።

ራውተሩ አሁን ዩፒኤስ ላይ ነው፣ የሲም ካርድ መጠባበቂያ መስመርም አለው። ሶኬቱ ላይ «ስልክ ቻርጅ ማድረግ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፌበታለሁ። አንድ ሌሊት ዘበኛው ነቅለውት ነበር።